ልጄ ሊትርና ሚሊ ሊትር ግራ ገብቷታል፤ በእጅ ሥራ እንዴት ላስተምራት?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የ7 ዓመት ልጄ «1 ሊትር 1000 ሚሊ ሊትር ነው» ብላ በቃሏ ትወጣዋለች። አንድ ብርጭቆ ውሃ ስንት ይሆናል ስላት ግን «10 ሊትር» አለችኝ። ረጅምና ቀጭን ብርጭቆ ካየች ደግሞ ሁሌም ብዙ የሚይዘው እሱ ነው ትላለች። መቁረጥና መለጠፍ ነፍሷ ነው፤ በዚያ መንገድ ላስረዳት ብዬ ነበር። ቤት ውስጥ ግን መለኪያ ዕቃ የለኝም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መምህር ከደሴ፦ እህቴ፣ መለኪያውን ራሷ ትሥራው። ጎኑ ቀጥ ያለ የ1 ሊትር ሃይላንድ ፈልጊ፤ ወገቡ የገባውን ተዪው። አንገቱን አንቺ ቁረጪላት፣ ጠርዙን እጇን እንዳይቆርጣት በፕላስተር ሸፍኚው። ጎኑ ላይ ከታች እስከ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፉ። ከፋርማሲ አዲስ የ20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ያለ መርፌ ግዢ። አምስት ጊዜ ሞልታ ስትጨምር 100 ይሆናል፤ ውሃው የደረሰበት ላይ አስምራ ቁጥሩን ትጻፍ። እንዲህ እያለች 200፣ 300 ትቀጥል።

አንድ ነገር ታያላችሁ። የመጀመሪያው መስመር ከፍ ይልና ከዚያ በላይ ያሉት ተቀራራቢ ርቀት ይይዛሉ። የሃይላንዱ መቀመጫ ጎርበጥ ጎርበጥ ስለሚል ነው። አትንገሪያት፣ ራሷ ትድረስበት። ስታነብ ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፣ ዓይኗ ከውሃው ጋር እኩል ይሁን። ከላይ ሆና ካየች ትሳሳታለች።

አባት ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ አሜሪካ ልጆች የሚማሩት በጋሎን ነው። ከወረቀት ሰው ይሠራሉ፤ ሆዱ ጋሎን፣ ሁለት እጁና ሁለት እግሩ 4 ኳርት ይሆናሉ፤ ኳርት የጋሎን ሩብ ነው። እኔ ለልጄ ወደ ሊትር ቀየርኩት። ሰውዬው በሙሉ 1 ሊትር ነው። ሁለቱ እጆቹ እያንዳንዳቸው ግማሽ ሊትር፣ አሥሩ ጣቶቹ እያንዳንዳቸው 100 ሚሊ ሊትር። የአንድ እጅ አምስት ጣት ስንት ነው? 500! ግድግዳ ላይ ስቀሉት፣ እጇንም ወረቀት ላይ አስቀምጣ ታስምረው።

የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ፦ የረጅሙ ብርጭቆ ነገር አያስጨንቅሽ፣ የዕድሜ ጉዳይ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ ይህንኑ በልጆች ላይ አጥንቶታል፤ ብዙዎቹ እስከ 7 ዓመት ገደማ ቁመቱን ብቻ ነው የሚያዩት። በራሷ መለኪያ 200 ሚሊ ሊትር ለክታ አጭሩ ብርጭቆ ውስጥ ትጨምር። ከዚያ ወደ ረጅሙ ትገልብጠው፣ መልሳም ወደ መለኪያው። ሁልጊዜ ግን ከመለካቷ በፊት ትገምት፤ ግምቷንም ጻፊላት። ሲኒ፣ ጣሳ፣ ጆግ፣ ያገኘችውን ሁሉ ትገምት። ለእኔ ዋናው ትምህርት እሱ ነው።

አናጺ፦ ካርቶን ካላችሁ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክፍት ሳጥን ሥሩ። ውስጡን በፌስታል ሸፍኑ። ልክ 1 ሊትር ይይዛል፤ ውሃው ሚዛን ላይ ቢወጣ 1 ኪሎ ነው። ጎኑን በፕላስተር ዙሪያውን አጥብቁት፣ አለዚያ በውሃው ክብደት ይወጠርና ትርፍ ይይዛል።

ነርስ፦ የሽሮፕ መድኃኒት መለኪያ ክዳን ካለሽ አጥበሽ ስጫት፤ 5 ሚሊ ሊትር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነች በዓይኗ ታያለች። የቤት ማንኪያ ግን አይታመንም፣ መጠኑ ይለያያል። የኦአርኤስ፣ ማለትም ለተቅማጥ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን ዱቄት፣ ፓኬትም አሳያት። 1 ሊትር ውሃ ተብሎ የተጻፈበት በግምት ከተበጠበጠ ወይ ይወፍራል ወይ ይቀጥናል፤ ለሕፃን ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! በሰውዬው እንጀምራለን። ግን እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፤ ይህ ሁሉ ውሃ ከየት ይምጣ?

መምህር ከደሴ፦ አንድ ሃይላንድ ይበቃችኋል። ሳፋ ላይ ሥሩ፣ የፈሰሰው እዚያው ይጠራቀማል፤ ያንኑ እየመለሳችሁ ለኩ። የቀይ ሥር ቅቅል ውሃ ጠብ አድርጊበት፣ ሃይላንዱ ላይ መስመሩ ጎልቶ ይታያታል። ስትጨርሱ አበባ አጠጡበት።