ወፎቹ ሲነሱ እኛ አጨበጨብን፣ አስጎብኚያችን ግን ዝም አለች

ጠያቂ፦ አዲስ ዓይን

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ለብዙ ጊዜ ዝም ብዬ አንባቢ ነበርኩ። ዛሬ ግን ከቅዳሜ ጀምሮ ሆዴ ውስጥ የሚብላላ ነገር ስላለ ልጠይቃችሁ።

ከባለቤቴና ከዘጠኝ ዓመት ልጄ ጋር የባሕር ዳርቻ ወፎችን ለማየት ከአስጎብኚ ጋር የእግር ጉብኝት ሄደን ነበር። የማረከኝ ማስታወቂያው ላይ ያለው ፎቶ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ወፎች አንድ ላይ ብድግ ብለው ሰማዩን እንደ ጭስ ሞልተውታል።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ድረሱ ተባልን። ባለቤቴ «ወፍ ቀጠሮ የለውም» እያለ ሲንቀራፈፍ ሦስት ሰዓት ከአሥር ደረስን። አስጎብኚዋ ፀሐይ ያነጣው ኮፍያ ያደረገች ቀጭን ሴት ናት። አልተቆጣችም። ሰዓቷን አየች፣ ባሕሩን አየች፣ ከዚያ እኛን አየችን።

የእግር ጉዞ የተባለው ግማሽ ኪሎ ሜትር ቢሞላ ነው። ከዚያ አንድ የአሸዋ ጉብታ ጀርባ፣ ሣር ላይ አስቀመጠችን። በቃ! ሁለት ሰዓት ገደማ እዚያው። ባሕሩ ሩቅ ነበር። ከፊታችን ያለው ጭቃ ብቻ፣ ጭቃው ላይ ደግሞ ግራጫ ነጠብጣቦች። እሷ በቴሌስኮፕ እያየች ስም ትጠራለች፤ ለእኔ ሁሉም አንድ ወፍ ናቸው። ልጄ በመሐል «እማ፣ ጉብኝቱ መቼ ነው የሚጀመረው?» አለኝ።

ከዚያ ውኃው መጣ። ቀስ እያለ። ነጠብጣቦቹም ከውኃው ፊት ፊት እየሸሹ ወደ እኛ ቀረቡ፣ ቀረቡ፣ መጨረሻ ላይ እግራቸው ሁሉ ታየን። ስንት እንደነበሩ እንጃ፣ አሸዋው አይታይም ነበር። አብዛኞቹ በአንድ እግር ቆመው ተኝተዋል። ይሄኔ ከቡድናችን አንዱ ስልኩን ይዞ ተነሣና ጥቂት እርምጃ ወደፊት ሄደ። ሁሉም በአንዴ በረሩ! ልክ እንደ ፎቶው። አጨበጨብን፤ ልጄ ጮኸ፣ እኔም ጮህኩ።

አስጎብኚዋ ግን ፊቷ ተለወጠ። ሰውየውን ምንም አላለችውም፤ ዝም ብላ ቴሌስኮፗን ማጣጠፍ ጀመረች። ወፎቹ አልተመለሱም፣ እኛም ወደ ቤት።

እንግዲህ ጥያቄዬ፦ ማስታወቂያው ላይ ያለውን ነገር ስላየን ለምን ተከፋች? ሁለት ሰዓት አንድ ቦታ መቀመጥስ ያለ ነገር ነው ወይስ ተሸወድን? ልጄ እንደገና እንሂድ እያለ ስላስቸገረኝ ነው። የሩቅ ማያ መነጽርም ግዢልኝ ብሎኛል።

---

መልስ 1፦ ፈጣን እግር

ተሸውዳችኋል፣ ምን ጥያቄ አለው። የእግር ጉብኝት ብሎ ማስቀመጥ! እኔ ባሕር ዳር ስወጣ አሥር፣ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር እሄዳለሁ፤ ሸርጣኑንም ዛጎሉንም ወፉንም አያለሁ። አስጎብኚዋ መራመድ ሰልችቷት ነው። ወፍ ደግሞ ክንፍ ያለው እንዲበር ነው፤ ቢነሣ ምን ይሆናል?

---

መልስ 2፦ ጭቃ ረጋጭ

እህቴ፣ ዕድሜዬ ስለሚፈቅድልኝ አንቺ ልበልሽ። ይህን ሥራ ጉልበቴ እስኪያምፅ ድረስ ሠርቼዋለሁ። አልተሸወድሽም። እንዲያውም ሥራዋን የምታውቅ ሴት ናት የገጠመችሽ።

ከሰዓቱ ልጀምር። ባለቤትሽ ወፍ ቀጠሮ የለውም ማለቱ አሳቀኝ። የባሕር ዳርቻ ወፍ ቀጠሮ አለው፤ ቀጠሮው ከውኃው ጋር ነው። በአብዛኛው ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ ሙላቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ ከሞላ ነገ ወደ ስድስት ሰዓት እየተጠጋ ነው። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ደግሞ ውኃው አብዝቶ ይወጣል፣ አብዝቶም ይሸሻል።

ውኃው ሲሸሽ ወፎቹ ሰፊ ጭቃ ላይ ተበትነው ይበላሉ። ያኔ አንቺ ብትሄጂ የምታዪው ያንኑ ነጠብጣብ ነው፤ ብትከተያቸው ይርቁሻል። ውኃው ሲሞላ ግን ማዕዳቸው ይሰጥማል። ስለዚህ የቀረችው ደረቅ ቦታ ላይ ተሰብስበው ያርፋሉ። አስጎብኚሽ ያደረገችው ቀላል ነው፦ ውኃው ወፎቹን ወዴት እንደሚገፋቸው ታውቃለች፣ ከእነሱ በፊት ደርሳ ትቀመጣለች። ሙላቱ ሊደርስ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ቦታ መያዝ አለባት። አርባ ደቂቃ ስታረፍዱ ያየችው ሰዓቷን ሳይሆን የተረፈውን ጭቃ ነው።

አሁን ወደ ጭብጨባው። አትቀየሚኝና፣ እኔም በጀማሪነቴ እንግዶቼን ለማስደሰት ሆን ብዬ አስነሥቻቸው አውቃለሁ። ያጨበጭቡልኝ ነበር። ጉርሻም ይጨምራሉ። እስከ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

በሙላት ሰዓት የሚያርፉት ምግብ ስለሌለ ነው። የበሉትን ይዘው ጉልበት ይቆጥባሉ። ተነሥተው ሲዞሩ ያንን ያቃጥላሉ፣ መተካት የሚችሉት ደግሞ ውኃው ሲሸሽ ነው። ይህ አንዴ ቢሆን ምንም አልነበረም። ግን ከእናንተ በኋላ ውሻ ይዞ የሚሮጥ አለ፣ ከእሱ በኋላ ድሮን የሚያስነሣ አለ። ጭልፊት ቢያስነሣቸው የኑሮ ነገር ነው፤ የእኛ ግን ከዚያ ላይ የሚጨመር ነው።

ጉዞውን ብታውቂ ደግሞ ሌላ ነው። ጎድዊት የሚባል ምንቃሩ ረጅም ወፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 አንዱ ጀርባው ላይ የሳተላይት መከታተያ ተደርጎለት ከአላስካ ተነሥቶ የአውስትራሊያ ደሴት የሆነችው ታዝማኒያ ገባ። 13,560 ኪሎ ሜትር፣ 11 ቀን፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያርፍ! ዕድሜው አምስት ወር ገደማ ነበር። እግሩ የዳክዬ አይደለም፤ ባሕር ላይ አርፎ ሊነሣ አይችልም። ይህ ዓይነቱ ወፍ ከመነሣቱ በፊት ከክብደቱ ግማሽ የሚጠጋው ስብ እስኪሆን ይበላል፤ አንጀቱንና ጨጓራውን ደግሞ ያሳንሳል። ሻንጣ ለማቅለል እንበለው። አንቺ ፊት በአንድ እግሩ ቆሞ የተኛው ወፍ ለእንዲህ ያለ መንገድ ስንቅ የሚቋጥር ሊሆን ይችላል። ሰነፍ መስሎሽ ይሆናል፣ ግን ሥራ ላይ ነው።

ፎቶውን በተመለከተ እውነት አለሽ። እንዲህ ያለ ፎቶ ለጥፎ «ግን እንዳታስነሡ» ማለት አይሆንም። የተኙ ወፎች ፎቶ ደንበኛ አይጠራም፣ ችግሩ እሱ ነው። አስጎብኚዋም ከመቀመጣችሁ በፊት «ማንም አይነሣ» ብላ መናገር ነበረባት። እኔ ከመኪና ሳይወርዱ ነበር የምነግራቸው።

ለፈጣን እግር፦ ወንድሜ፣ ያንተም ጉብኝት አለ፤ ግን ሌላ ነው። ከኔዘርላንድ እስከ ዴንማርክ በተዘረጋው የዋደን ባሕር ሰዎች ውኃው ሲሸሽ ከአስጎብኚ ጋር ጭቃው ላይ ለሰዓታት ይጓዛሉ። አስጎብኚ የሚያስፈልገው መንገድ ለማሳየት ብቻ አይደለም። ውኃ ሁልጊዜ ከፊትህ አይመጣም። ከኋላህ ባለ ቦይ ዞሮ ይሞላና አንተ ደሴት ላይ ትቀራለህ። እኔ አሥራ አራት ሰው ይዤ አንዴ ደርሶብኛል። ውኃው እስከ ወገባችን ነበር፤ አንዲት እናት ልጇን ትከሻዬ ላይ አስቀምጣ ስትራገም ወጣን። አንድ ጫማዬ እዚያው ቀርቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ የሙላት ሠንጠረዡን ሳላይ ከቤት ወጥቼ አላውቅም።

---

መልስ 3፦ የመንታዎች እናት

ጋሼ የቀረውን ስላሉት እኔ ስለ ልጁ ልናገር፤ ሁለት አሳድጌያለሁ በዚሁ ጭቃ ዳር።

መነጽሩን ግዢለት። ሻጩ «የበለጠ የሚያጎላ ይሻላል» ቢልሽ አትስሚው። መነጽር ላይ ሁለት ቁጥር አለ። 8 በ 42 ከሆነ 8 ጊዜ ያጎላል፣ የፊት መስተዋቱ ስፋት ደግሞ 42 ሚሊ ሜትር ነው። ማጉላቱ ሲጨምር የእጅ መንቀጥቀጡም አብሮ ይጎላል። ለልጅ እጅ 8 በ 32 ወይም ከዚያ ቀለል ያለ ይሻላል። ሁለቱ ቱቦዎች ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ደግሞ ሱቁ ውስጥ ዓይኑ ላይ አድርጎ ይሞክር። የልጅ ዓይኖች ይቀራረባሉ፤ መነጽሩ ካልጠበበለት ሁለት ክብ ነው የሚያየው፣ ከዚያ ይጥለዋል። የእኔዎቹ የመጀመሪያውን አሸዋ መዛቂያ አድርገውት ነበር።

«ሁሉም አንድ ወፍ ናቸው» ያልሽው ልክ ነው፣ እኔም እንዲያ ነበርኩ። ስማቸውን ተዪው። አንዱን ብቻ መርጦ አሥር ደቂቃ እንዲከታተለው ንገሪው። አረማመዱን ይይ። ሮጥ ብሎ ቀጥ የሚል፣ እንደገና ሮጥ የሚል ካለ ፕሎቨር ነው። ምንቃሩ አጭር፣ ዓይኑ ትልቅ ነው፤ የሚያድነው በዓይኑ ነውና ቆም ብሎ ያያል። አንገቱን ደፍቶ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ጭቃውን የሚወጋው ሳንድፓይፐር ነው። እሱ በምንቃሩ ጫፍ ይዳስሳል እንጂ አያይም። ምንቃሩ ረጅምና ወደ ታች የታጠፈው ከርሉው ደግሞ ሌሎቹ የማይደርሱበትን ጥልቅ ትል ያወጣል። ለዚህ ነው አንድ ጭቃ ላይ ሳይጣሉ የሚበሉት፤ እያንዳንዱ የራሱ ፎቅ አለው። የእኔ ልጆች ይህን ሲሰሙ «ከርሉው ምድር ቤት ነው የሚኖረው» ብለው ስም አወጡለት።

አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር። በመራቢያ ወቅት ልጁ ከጠጠሩ መሐል እንዳይሮጥ። ብዙዎቹ እንቁላላቸውን ጎጆ ሳይሠሩ መሬት ላይ ነው የሚጥሉት፣ ጠጠር ይመስላል። ፕሎቨር ክንፏ የተሰበረ መስላ እየተንፏቀቀች ብታዩ አትከተሏት፤ እያታለለቻችሁ ነው። እንቁላሏ ቅርብ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ በመጣችሁበት መመለስ ነው።

---

መልስ 4፦ ፈጣን እግር

እሺ፣ «ሰልችቷት ነው» ያልኩትን አንሥቻለሁ። መቀመጡ ግን አሁንም አይሆንልኝም። ለመሆኑ ጋሼ፣ ባለፈው ብቻዋን አሸዋ ላይ የተኛች የባሕር ውሻ (ባሕርም ዳርቻም ላይ የሚኖረው አጥቢ እንስሳ) ግልገል አግኝቼ ወደ ውኃው ልገፋት ስል አንዲት ሴትዮ ጮኸችብኝ። እሷም ልክ ነበረች?

---

መልስ 5፦ ጭቃ ረጋጭ

ልክ ነበረች! እናቷ ዓሣ ልታድን ትታት ሄዳ ይሆናል። ግልገል ብቻዋን አሸዋ ላይ መተኛቷ ያለ ነገር ነው። አንተ አጠገቧ ከቆምክ እናቲቱ አትመጣም። ራቅ ብለህ ተመልከት። ቆስላ ወይም በጣም ከስታ ከሆነ የአካባቢውን የዱር እንስሳት ተንከባካቢዎች ጥራ። ስትገፋት ደግሞ ትነክሳለች፣ ጥርሷ ቀልድ አይደለም።

---

ጠያቂ፦ አዲስ ዓይን

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የመንታዎች እናት፣ አንቺንም።

ጽሑፋችሁን ለልጄ አነበብኩለት። ጎድዊቷ ጋ ስደርስ አስቆመኝና «እኛ ያስነሣናቸው ውስጥ እሷ ነበረች?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ፤ ያቺ አስጎብኚ ዝም እንዳለችው።

ከዚያ ወረቀት አመጣ። ባለፈው ቅዳሜ ሙላቱ አምስት ሰዓት ላይ ነበር። በቀን 50 ደቂቃ፣ በሰባት ቀን 350 ደቂቃ፣ ስለዚህ የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ከሃምሳ ላይ ይሞላል ብሎ ጻፈ። ለአስጎብኚዋ ደውዬ ይቅርታ ከጠየቅኩ በኋላ ስሌቱን ነገርኳት። ሳቀች። ሠንጠረዡን አይታ በሃያ ደቂቃ ብቻ እንደሳተ ነገረችን፤ የሙላቱ መዘግየት ከቀን ቀን ትንሽ ስለሚለያይ ነው አለች። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ድረሱ ብላናለች።

ባለቤቴን ግን ሰባት ሰዓት ተኩል ነው ብዬዋለሁ።