ትንፋሼ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ዮጋ ለእኔ ዓይነቱ ሰው ይሆናል?

ልብስ ሰፊው (ደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ልብስ ስሰፋ 31 ዓመት ሆኖኛል፤ ዕድሜዬ 54 ነው። በእግር በሚረገጥ ሲንጀር ላይ ስጎነበስ ኖሬ አንገቴ ወደ መርፌው እንዳዘነበለ ቀርቷል። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሳስቀድስ እንኳ የወደቀ መርፌ የምፈልግ እመስላለሁ።

ባለቤቴ ባለፈው ጥቅምት አረፈች። ሰው አልጎደለብኝም። ዕድርተኛው ድንኳን ተከለ፤ ጎረቤት ንፍሮ ቀቀለ፤ ተዝካሯንም አብረን አወጣን። ችግሩ የመጣው ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እነቃለሁ። ትንፋሽ ስስብ ደረቴ ድረስ ይመጣና ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፤ እንደገና እስባለሁ፤ እንደገና ይቆማል። ሐኪም ቤት ሄድሁ። ልቤን፣ ሳንባዬን፣ ደሜን መረመሩና ምንም የለብህም፣ ጭንቀት ነው አሉኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድሁ። ሕመሜን ስም አውጥተውለት ሸኙኝ ማለት ነው።

አዲስ አበባ ያለችው ልጄ ዮጋ ሞክር ብላ በስልክ ቪዲዮ ላከችልኝ። ከፈትሁት። አንዲት ቀጭን ወጣት እግሯን አንገቷ ላይ አድርጋ ፈገግ ትላለች። እኔ የጫማዬን ክር ለማሰር ወንበር የምፈልግ ሰው ነኝ። ልጄ ግን እሱን ተወው፣ ትንፋሽን የሚከተል ለስለስ ያለ ዓይነት አለ ትላለች።

እውነት አለ? ወገቡ የደረቀ ሰው ቤቱ ውስጥ ብቻውን ሊሠራው ይችላል? ደግሞስ የንስሐ አባቴ ቢሰሙ ምን ይሉኛል? መቀለድ የሚፈልግ ይቀልድ፤ ብቻ መልስ ያስከትልበት።

የወገብ ሐኪም (ባሕር ዳር)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። በመጀመሪያ ያንን ቪዲዮ ይርሱት። እኔ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ ወደ እኔ ከሚመጡት መካከል ልብስ ሰፊና ሹፌር ጠፍቶ አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የሚውል ሰው ሆዱ ስለሚታጠፍ፣ ከሳንባ ሥር ያለው ትልቁ የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ድያፍራም የሚባለው፣ እንደልቡ ወደ ታች መውረድ ያቅተዋል። ስለዚህ አየሩን በትከሻና በአንገት መሳብ ይለምዳል። ሐዘን ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

ትንፋሽ ያጠረው የመሰለው ሰው ሁሉ ለመሳብ ይታገላል። መቅደም ያለበት ግን ማውጣት ነው፤ ማድጋው ካልጎደለ ውኃ ከየት ይገባበታል? ትንፋሽ ስናወጣ የልብ ምት ዝግ ይላል። ይህን የሚያደርገው ከአንጎል ሥር ተነሥቶ እስከ ሆድ የሚወርደው ቬገስ የሚባል ነርቭ ነው። ለዚህ ነው መውጫው ከመግቢያው እንዲረዝም የሚፈለገው። ዕረፍት ላይ ያለ ጎልማሳ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ በዝግታ ሲለማመዱት ወደ 6 ሊወርድ ይችላል። እርስዎ ግን ለቁጥሩ አይቸኩሉ።

አጎዛ አንጥፈው በጀርባዎ ይተኙ። ባትዎን ወንበር ላይ ያሳርፉ፤ ወገብዎ መሬቱን ሲያገኝ ይታወቅዎታል። አንድ እጅዎን እምብርትዎ ላይ ያድርጉ። በአፍንጫዎ እስከ 3 እየቆጠሩ ያስገቡ፤ እስከ 5 እየቆጠሩ ያውጡ። መሐል ላይ አፍነው አይያዙ። ከሳምንት በኋላ ሲያስገቡ እጆችዎን ቀስ ብለው ከራስዎ በላይ ይዘርጉ፤ ሲያወጡ ይመልሷቸው። እጅ ትንፋሹን ይከተል እንጂ አይቅደመው፤ ለስላሳ የሚባለው ዮጋ ሁሉ ነገሩ ይኸው ነው። ቀጥሎ በእጅና በጉልበት ተደግፈው፣ ሲያወጡ ጀርባዎን እንደ ድመት ያጉብጡ፤ ሲያስገቡ ደረትዎን ይክፈቱ። 10 ደቂቃ ይበቃል። ካዞርዎት ቆጠራውን ትተው እንደልማድዎ ይተንፍሱ። ደረትዎን የሚጨመድድ ሕመም ከተሰማዎት ግን አጎዛው ይቅርና ወደ ሐኪም ቤት ይሂዱ። እንቅልፉ ጨርሶ እንቢ ካለ፣ ምግብም ካስጠላዎት የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያማክሩ። ይህ ልምምድ ያንን አይተካም።

ዲያቆኑ (ቢቸና)

እኔ የሃይማኖቱን ነገር እንደ ሐኪሟ እህታችን በቶሎ አላልፈውም። ዮጋ የሚለው ቃል የሳንስክሪት ነው፤ ማጣመድ፣ በሬ እንደሚጠመድ ማለት ነው። ሥሩ የሕንድ ሃይማኖት ውስጥ ነው፤ ስፖርት ብቻ ነው እያሉ መሸፋፈኑን አልወድም። እኛ ስግደት አለን፤ ጉልበትም ወገብም የሚያውቀው። በአንዳንድ ቦታ በልምምዱ መሐል የሚያስደግሟቸው ቃላት አሉ፤ ትርጉሙን የማያውቁትን ቃል አይድገሙ።

ባትን ወንበር ላይ አሳርፎ መተንፈስን ኃጢአት ነው የሚል አባት ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ለንስሐ አባትዎ በግልጽ ይንገሩ። ስሙን ብቻ ነግረው አያስደነግጧቸው፤ የሚያደርጉትን ያሳዩአቸው።

የድሮ የቆሎ ተማሪ (አዲስ አበባ)

ከዲያቆኑ ጋር ብዙም አልጣላም። ልጅ ሆኜ ጎጃም ውስጥ ዜማ ስማር መሪጌታችን የሚቆጡኝ ድምፄ ስለሻከረ አልነበረም፤ ትንፋሼን ያለቦታው ስለምቆርጥ ነበር። ትከሻዬ ከፍ ካለ በመቋሚያቸው ነካ ያደርጉኝ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ እዚህ አንድ የዮጋ አሠልጣኝ ትከሻህን አውርድ ሲለኝ መሪጌታ ትዝ አሉኝና ሳቄ መጣ።

ስለ ለስላሳው ዓይነት ልጅዎ እውነቷን ነው። ዛሬ ዓለም ላይ ከተሠራጨው ዮጋ ብዙው የሚመዘዘው ክሪሽናማቻሪያ ከሚባሉ ሕንዳዊ መምህር ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1888 ተወልደው በ1989 ያረፉ፣ መቶ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው። በደቡብ ሕንድ በምትገኘው በማይሶር፣ በመስፍኑ ድጋፍ ሲያስተምሩ ወጣቶችን በብርቱው ያሠሯቸው ነበር። በኋላ ማድራስ፣ የዛሬዋ ቼናይ፣ ከገቡ ወዲህ ግን ሕመምተኛን አንድ በአንድ እያዩ ማስተማር ያዙ። ልጃቸው ዴሲካቻር ምሕንድስና የተማሩ ነበሩ፤ ሙያቸውን ትተው ያንኑ የአባታቸውን መንገድ ቀጠሉ። ትንፋሹ ይመራል፤ አካል ይከተላል። አንድ ዓይነት ልምምድ ለሁሉ አይታደልም። እርስዎ ልብስ ሰፊ ስለሆኑ ለማስረዳት አልደክምም፤ ልብሱ በሰውየው ልክ ይሰፋል እንጂ ሰውየው በልብሱ ልክ አይቆረጥም።

ልብስ ሰፊው (ደብረ ማርቆስ)

ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ ተመልሼ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ባቴን ወንበር ላይ ሰቅዬ እንደተኛሁ ጎረቤቴ ቡና ልትጠራኝ ገባች። ወድቄ መስሏት በጩኸት ሰፈሩን ሰበሰበችው። አሁን ሰፈሩ ሁሉ ስለ ትንፋሼ ያውቃል፤ የቡና ወሬ ሆኛለሁ።

የንስሐ አባቴን ነገርኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና ስንት ደቂቃ ይፈጅብሃል አሉ። አሥር አልኋቸው። ከጸሎትህ ላይ እንዳትቀንሰው አሉኝ። አበቃ፤ እኔ ሳምንት ሙሉ ፈርቼ ነበር።

ሌሊት አሁንም እነቃለሁ። ልዩነቱ መብራት አብርቼ አልቀመጥም። ማውጣቱ ላይ ሳተኩር ቀጥሎ ያለው ትንፋሽ ሳልጠራው ራሱ ይገባል፤ አንዳንዴ ንጋት ላይ ደወሉን ስሰማ ነው የምባንነው። አንዳንዴ ደግሞ አይሆንም።

ከሁሉ የገረመኝን ያገኘሁት ግን ሱቅ ውስጥ ነው። ክር በመርፌ ቀዳዳ ሳስገባ ትንፋሼን እይዛለሁ። ዓይኔ ስለደከመ በአንድ ጊዜ አይገባልኝም፤ እየሳትሁ እደጋግመዋለሁ፤ እስኪገባ ድረስ አፍኜው እቆያለሁ። አንድ ቀን ስቆጥር 40 አለፈ። ድሮ አላስተዋልሁትም እንዳልል፣ ድሮ ክሩን የምታስገባልኝ እሷ ነበረች። አጠገቤ ተቀምጣ፣ ወሬዋን ሳታቋርጥ።

አንድ ችግር አለኝ። ያ እንደ ድመት የተባለው ጉልበቴን አቃጠለኝ፤ ጋቢ አጥፌ ባነጥፍም አልሆነልኝም። ምን ላድርግ?

የወገብ ሐኪም (ባሕር ዳር)

ጋሼ፣ ጉልበትዎን አያሠቃዩት። እዚያው የልብስ ስፌት ወንበርዎ ላይ ተቀምጠው፣ እጆችዎን ጭንዎ ላይ አድርገው ያንኑ ማጉበጥና መክፈት መሥራት ይችላሉ። የተከመረውን ጨርቅ ለጊዜው ገለል ያድርጉት።

ክሩን ደግሞ ትንፋሽዎን እያወጡ ያስገቡት።