የቦክሰር የኋላ ጎማ ቤቴ ውስጥ ልቀይር ብዬ ሁለት ከመነዳሪ ፈጀሁ

የከብት ሐኪሙ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ የእንስሳት ጤና ነው። የምኖረው ኮምቦልቻ ሲሆን በሳምንት ሦስትና አራት ቀን በቃሉ ወረዳ ቀበሌዎች ውስጥ፣ ወደ ሐርቡም ወደ ደጋንም፣ በቦክሰር ሞተሬ እመላለሳለሁ። ከኋላዬ የክትባት ሳጥን አስራለሁ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ደግሞ ሰው አይጠብቅም። ጎማ ተንፍሶ ግማሽ ቀን መንገድ ዳር ከቆምኩ በረዶው ይቀልጣል፣ ክትባቱ ይበላሻል፣ ከነጋ ጀምሮ ከብቶቻቸውን ይዘው የጠበቁኝ ገበሬዎችም በመጡበት ይመለሳሉ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ግማሾቹ አይመጡም።

የኋላ ጎማዬ ጥርሱ ስላለቀ አዲስ ገዛሁ፤ ልኩ 3.00-17 ነው። እስከ ዛሬ የማስቀይረው ጎሚስታ ጋ ነበር። ባለፈው ጊዜ ግን ጎሚስታው የጎማውን ጠርዝ ለማላቀቅ ትልቁን መዶሻ አንስቶ ቸርኬዬን ደበደበው። የተጎዳው ቦታ ዛሬም በጣቴ ስዳስሰው ይታወቀኛል። ብናገረው «ወንድሜ፣ ብረት እኮ ነው» አለኝ። ከእንግዲህ በገዛ እጄ ብዬ ማልሁ።

እሑድ ጠዋት በረንዳ ላይ ጀመርኩ። ያለኝ መሣሪያ ሁለት ካቻቢቴ፣ ከሞተሩ ጋር የመጡት ቁልፎችና የብስክሌት ፓምፕ ነው። እናቴ አጠገቤ ቡና ታፈላ ነበር። አቦሉ ሲቀዳ የጀመርኩት ሥራ በረካው ሲቀዳም አላለቀም፤ አሮጌው ጎማ ገና ከቸርኬው አልወጣም። «ልጄ፣ አንተ እኮ በሬ ትጥላለህ፣ ይህ እንዴት አቃተህ?» አለችኝ። በመጨረሻ አወጣሁት፣ አዲሱንም ከአዲስ ከመነዳሪ ጋር እንደምንም አስገባሁት። መንፋት ስጀምር ፉጨት ሰማሁ። አውጥቼ ባየው ሁለት ቦታ ተቀድዷል። ሁለተኛውን ከመነዳሪ በጥንቃቄ አስገባሁ። እሱ ደግሞ ሌሊቱን በሰላም አድሮ ጠዋት ወጥቼ ሳየው ተኝቷል።

ጥፋቴ ምንድን ነው? የጉልበት ማነስ አይመስለኝም። ደግሞ ጎማው ጎን ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ 2224 የሚል ቁጥር አለ። ሻጩ «የፋብሪካ ነው፣ አያገባህም» አለኝ። እውነት አያገባኝም?

ጡረተኛው ረዳት (ደሴ)

ልጄ፣ መጀመሪያ ሁለቱን ካቻቢቴዎች ወደ ሣጥናቸው መልስ። ካቻቢቴ የተሠራው ብሎን ለመፍታት ነው። ጫፉ ስለት ስለሆነ የመጀመሪያው ከመነዳሪህ በእነሱ እንደሞተ ሳላየው እነግርሃለሁ።

ጎማ የተማርኩት በአሰብ መስመር ነው። ረዳት ነበርኩ። ከአሰብ ተነስተን በሚሌ በባቲ አድርገን ኮምቦልቻ እስክንገባ፣ በአንድ ጉዞ ሦስትና አራት ጎማ የምንፈታበት ጊዜ ነበር። በ1990 ጦርነቱ መስመሩን እስኪዘጋው ድረስ ኑሮዬ ያ ነበር። በዚያን ጊዜ የትልልቅ መኪኖች ጎማ በብረት ቀለበት ይታሰር ነበር። ቀለበቱ በትክክል ሳይቀመጥ አየር ከተሞላ ይስፈነጠራል፤ ሰው ይገድላል። ሾፌሬ ጎማውን በሰንሰለት ሳላስር ፓምፕ ካስነካሁ በጥፊ ነበር የሚያስተምረኝ። የአንተ ቦክሰር እንዲህ ያለ ቀለበት የለውም፣ ሆኖም ስትነፋ ጣትህን ከጠርዙ አርቅ።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። ቸርኬው ባዶ ሳለ ደህና አድርገህ እየው። መሐሉ እንደ ቦይ ጎድጎድ ብሏል አይደል? ቦዩ ለጌጥ አልተሠራም። የጎማው ጠርዝ በውስጡ ሽቦ አለው፤ ሽቦ ደግሞ አይለጠጥም። በአንድ በኩል በብረት ስትፈለቅቅ፣ በትይዩው ያለው ጠርዝ ወደ ቦዩ ካልወረደ፣ የማይለጠጠውን እየለጠጥህ ነው። ያን ጊዜ በሬ የሚጥል ጉልበት ቢኖርህም ወይ ቸርኬው ይጎብጣል፣ ወይ ከመነዳሪው ይቆረጣል። ጠርዙ ቦዩ ውስጥ ከገባ ግን የአሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጄ ታወጣዋለች፤ አውጥታም አሳይታኛለች። ስለዚህ ጎማውን መሬት አስተኝተህ፣ ከምትፈለቅቅበት በትይዩ ባለው ጎን ላይ በጉልበትህ ተንበርከክ። ከበደህ ማለት ጉልበትህ ከቦታው ሸሽቷል ማለት ነው። ብረቱን አትጫነው፤ ተመለስና እንደገና ተንበርከክ።

የማውጫ ብረት ከሌለህ ቀጥቃጭ ዘንድ ሄደህ ከአሮጌ ባሌስትራ ሦስት አሠራ። ርዝመታቸው ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ጫፋቸው እንደ ማንኪያ ጀርባ ይድቦልቦል፤ በሞረድ አለስልሰው። ረጅም ብረት አትውደድ፣ ረጅም ብረት ሰውን ያጀግናል።

የቫልቩን መርፌ ፈትተህ አየሩን ጨርሰህ አስወጣ። ጠርዙ ከቸርኬው አልላቀቅ ካለህ መዶሻ አያስፈልግም፤ የጎረቤት ሞተር ካለ የጎን መቆሚያውን ጎማው ላይ፣ ከቸርኬው ጥግ አሳርፈህ ሞተሩን ቀስ ብለህ ወደዚያው አዘንብለው። ጠብ ይላል። ከዚያ ሁለቱንም ጠርዞች በሳሙና ውሃ አርጥብ። ዘይት፣ ናፍጣ፣ ግራሶ እንዳታስነካ፤ ጎማውን ይበላዋል፣ ቸርኬው ላይም ያንሸራትተዋል። አዲሱን ጎማ ደግሞ ከሥራው በፊት አንድ ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ አስጣው፣ ይለሰልሳል። እናንተ ኮምቦልቻዎች ፀሐይ አላችሁ። እኛ ጦሳ ሥር ያለነው የምናሰጣው ጉም ላይ ነው።

ስታወጣ በቫልቩ በኩል ጀምር፣ ስታስገባ በቫልቩ በኩል ጨርስ። ምክንያቱም ከመነዳሪው ቫልቩ ያለበት ቦታ ላይ ቦዩን ይዘጋዋል፤ ጠርዙ እዚያ አይወርድም። በሌላው በኩል ግን ይወርዳል። ከማስገባትህ በፊት ከመነዳሪው ክብ ቅርጹን እስኪይዝ ድረስ ብቻ ትንሽ አየር ስጠው፣ የሕፃን ዱቄትም ቀባው። ጨርሶ የተነፈሰ ከመነዳሪ ይታጠፋል፤ የታጠፈው ደግሞ ብረቱ ሥር ይገባል። የመጨረሻዋን ጭብጥ ከማስገባትህ በፊት ቫልቩን በአውራ ጣትህ ወደ ውስጥ ግፋው፣ ከጠርዙ ሥር እንዳይያዝ። ጎማው ጎን ላይ ያለው ቀስት ሞተሩ ወደሚሄድበት አቅጣጫ መዞር አለበት። ይህን ረስቼ ሁሉን ነገር ከጨረስኩ በኋላ እንደገና የፈታሁባቸውን ቀናት አልቆጥርልህም።

ሁለተኛው ከመነዳሪ ግን አሳስቦኛል። ሌሊቱን አድሮ ከተነፈሰ የብረት ሥራ ላይመስል ይችላል። ንፋውና ውሃ ውስጥ ንከረው። ቀዳዳው ወደ ጎማው ነው ወይስ ወደ ቸርኬው? ይህን ሳታውቅ ሦስተኛ እንዳትገዛ።

ሐረጎ ወራጅ

ጋሼ ጎማውን ጨርሰውታል፤ እኔ ጎማው ወደ ሞተሩ ሲመለስ ያለውን ልጨምር። ደሴ ዕቃ ጭኜ ኮምቦልቻ አደርሳለሁ፣ ሐረጎን በቀን ሁለት ጊዜም እወርዳለሁ።

የኋላው ፍሬን ሳህን ላይ ከሞተሩ አካል ጋር የሚያያይዘው አንድ ብረት አለ። ሳህኑ እንዳይዞር የሚይዘው እሱ ነው። እኔ አንድ ምሽት ቸኩዬ እሱን ሳላስር ወጣሁ። ቧንቧ ውሃ አካባቢ፣ ዕድሜ ለዝግታዬ፣ ፍሬን ስረግጥ ሳህኑ ከጎማው ጋር ዞረ፣ ዘንጉን ጠመዘዘው፣ ጎማውም ባለበት ደረቀ። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ቢሆን ኖሮ ይህን የምጽፍላችሁ እኔ አልሆንም ነበር። ከዚያ ወዲህ የምፈታትን እያንዳንዷን ዳዶና ሮንደላ በአወጣጧ ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ እደረድራለሁ። ስጨርስ ጨርቁ ላይ የቀረ ነገር ካለ ከቤት አልወጣም።

ካቴናውን ስትወጥር በግራና በቀኝ ያሉት ምልክቶች እኩል መሆናቸውን እይ፤ ካልሆነ ጎማው ጠማማ ይቆማል። መሐሉን በጣትህ ወደ ላይ ስትገፋው ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይላወስ። አዲስ ጎማ ደግሞ እስኪሟሽ ድረስ ያንሸራትታል። የመጀመሪያውን 100 ኪሎ ሜትር ኩርባ ላይ አትተኛ፤ በዝናብማ ጭራሽ።

አንድ ሌላ ነገር፦ ደሴ ተነፍቶ ኮምቦልቻ የሚወርድ ጎማ ያብጣል። ከፍታው ነው። ስለዚህ ከደሴ ስትወርድ ትንሽ ቀንስ።

የፊዚክስ መምህርት (ደሴ)

ወንድሜ ሐረጎ ወራጅ፣ የፍሬኑ ምክርህ ሺህ ብር ያወጣል፤ የከፍታውን ግን ገልብጠኸዋል። መለኪያው የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭ ባለው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ስንወርድ የውጩ አየር ይከብዳል፤ ስለዚህ መለኪያው ዝቅ እንጂ ከፍ አይልም። ልዩነቱም 1 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት የሚለካበት አሃድ) አይሞላም። አንተ ያየኸው እብጠት ከሙቀት የመጣ ነው። በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ልዩነት እንዲህ ያለው ጎማ ከ1 ፒኤስአይ በጥቂቱ የሚበልጥ ጭማሪ ያሳያል። በደሴ ማለዳና በኮምቦልቻ እኩለ ቀን መካከል ያለውን ልዩነት ደግሞ ጃኬትህን ስታወልቅ ታውቀዋለህ። መፍትሔው መቀነስ አይደለም፤ ጠዋት ከመነሳትህ በፊት ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ለክተህ መመሪያው የሚለውን መሙላት ነው። የባለቤቴ ቦክሰር መመሪያ ከፊት 25፣ ከኋላ ለብቻ ሲኬድ 28፣ ሰው ሲጫን 32 ይላል። የክትባት ሳጥኑ የሰው ያህል ባይከብድም ባዶ እንዳልሆነ አስብ።

ሐኪም፣ ቁጥሩ ያገባሃል። 2224 ማለት በፈረንጆች 2024 ዓመት 22ኛ ሳምንት የተሠራ ማለት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 2016 ማለቂያ ገደማ። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ዓመቱን፣ የፊተኞቹ ሳምንቱን ይናገራሉ። ጎማ መጋዘን ውስጥ ሆኖም ያረጃል፣ ይደርቃል፣ ጎኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ያወጣል። የአንተው ደህና ነው። ሻጩ ግን ቁጥሩን አለማወቁ ወይም ማወቁ፣ የቱ እንደሚብስ አላውቅም።

መንገደኛ

ይህን ሁሉ ከምታነቡ ለሌላ ጎሚስታ ከፍላችሁ ብትገላገሉስ? የልጆቹንም እንጀራ አትዝጉ።

የከብት ሐኪሙ (ኮምቦልቻ)

መንገደኛ፣ ከተማ ውስጥ ሲሆን እስማማለሁ፤ ሁሉም ጎሚስታ መዶሻ አንሺ አይደለም። ከደጋን አልፎ ግራር ሥር ስቆም ግን የምከፍለው ሰው የለም።

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ቤቴን አዳነው። ሁለተኛውን ከመነዳሪ ነፍቼ የእናቴ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ነከርኩት። አረፋው የወጣው ከውስጠኛው በኩል፣ ከቸርኬው ወገን ነው። ቫልቩን መነሻ አድርጌ ከመነዳሪውን ቸርኬው ላይ ዘርግቼ ቀዳዳውን ፈለግሁ። በትክክል አንድ የራጂ፣ የቸርኬው ሽቦ፣ ጫፍ ላይ አረፈ። ራጂዎቹን የሚሸፍነው የጎማ መቀነት እዚያ ቦታ ላይ ተበጥሶ፣ ጫፉ እንደ ሚስማር ወጥቷል። ማለት አዲስ ከመነዳሪ መቶም ብገዛ መቶውንም ይወጋልኝ ነበር።

ሞረድ ፈለግሁ፣ አጣሁ። ከዚያ የሥራ ሳጥኔ ትዝ አለኝ፤ የፈረስና የበቅሎ ሰኮና የምሞርድበት አለኝ። በእሱ የራጂውን ጫፍ ከብረቱ እኩል እስኪሆን ሞረድኩት። ለስላሳ አልነበረም፣ ግን ሠራ። መቀነቱን ካቻቢቴ ከገደለው ከመነዳሪ ላይ በመቀስ ቆርጬ አወጣሁ፤ የቫልቩን ቀዳዳ በጥርሴ አስፍቼ ገጠምኩት። የተወጋውን ከመነዳሪ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ ማስቲሹ እጅ ላይ የማይጣበቅ እስኪሆን ድረስ ጠብቄ ለጠፍኩት። በፊት ሳይደርቅ ነበር የምለጥፈው፣ ለዚህ ነው እንደ ፖስታ ቴምብር ይረግፍብኝ የነበረው።

ብረቶቹን ቀጥቃጭ ሠራልኝ። ለምን እንደሆኑ ብነግረው ጫፋቸውን ሳላሳስበው አድቦለቦለው፤ የራሱም ሞተር አለው። ትናንት ማታ አዲሱን ጎማ ገጠምኩ። በጉልበቴ ተንበርክኬ ስጀምር አላመንኩም ነበር። ሦስተኛዋን ጭብጥ ያለ ብረት፣ በእጄ ብቻ አስገባኋት። ቀስቱንም አየሁት። መጀመሪያ ተቃራኒ ነበር፣ ግን ያየሁት አንድ ጎን ብቻ ከገባ በኋላ ስለነበር ተረፍኩ። የፍሬኑን ብረት ሁለት ጊዜ፣ ጨርቁን ሦስት ጊዜ አየሁ። እናቴ ያፈላችው ቡና ገና ቶና ላይ ነበር።

ዛሬ ደጋን ደርሼ ተመለስኩ። ኩርባ ላይ እንደ አዲስ ሙሽራ ነበር የምሄደው። በረዶው ሳይቀልጥ ደረሰ።

ጡረተኛው ረዳት (ደሴ)

አብሽር፣ ጎበዝ። ቫልቩን በጥርስ ማስፋት ግን የትም አልጻፍኩም። አሁን አንድ ጥያቄ፦ ደጋን ደርሰህ ከተመለስክ በኋላ የፔርኖውን፣ ጎማው የሚዞርበትን ዘንግ፣ ዳዶ እንደገና አጥብቀኸዋል? አዲስ የተገጠመ ጎማ የመጀመሪያው ጉዞ ላይ ይላላል። ጎማው ከቸርኬው ጥግ ላይ ዙሪያውን ያለችው ቀጭን መስመርስ በሁሉም በኩል እኩል ትታያለች? አንድ ቦታ ወደ ውስጥ ከሰመጠች ጠርዙ አልተቀመጠም፤ አየሩን አውጥተህ፣ ሳሙና ውሃ ጨምረህ እንደገና ንፋው።

የከብት ሐኪሙ (ኮምቦልቻ)

መስመሯ እኩል ናት። ዳዶውን ግን አላየሁትም። ቁልፉን ይዤ እየወጣሁ ነው።