ናሽናል አክሬዲቴሽን ባለው ዲግሪ ማስተርስ መግባት፦ ዩኒቨርሲቲዎቹ በር መዝጋታቸው አግባብ ነው?

መነሻ፦ የአሜሪካ ፌዴራል የትምህርት መሥሪያ ቤት ከጁላይ 1 ቀን 2020 ጀምሮ አክሬዲተሮችን (የትምህርት ቤቶችን ጥራት መዝነው አክሬዲቴሽን፣ ማለትም ዕውቅና፣ የሚሰጡ ድርጅቶችን) «ሪጅናል» እና «ናሽናል» ብሎ መለየቱን ትቷል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ግን በማስተርስ መግቢያ መስፈርታቸው ላይ ዛሬም «ሪጅናሊ አክሬዲትድ ባችለር» ብለው ይጽፋሉ። ምን ትላላችሁ?

ሚዛን፦ አግባብ አይደለም። ናሽናል የሚባለው አክሬዲተር ዲኢኤሲም ሆነ ሪጅናል የሚባለው ኤችኤልሲ ዕውቅና የሚያገኙት ከአንድ መሥሪያ ቤት፣ በአንድ ደንብ ነው። የፌዴራል መንግሥት ራሱ በዚህ ዲግሪ ሠራተኛ ይቀጥራል። ታዲያ አስገቢው ክፍል ትራንስክሪፕቱን ሳይገልጥ የአክሬዲተሩን ስም ብቻ አይቶ የሚመልሰው ለምንድን ነው? ደግሞ ስሙ የኛን ሰው ያሳስታል። ለኛ ጆሮ «ናሽናል» ፌዴራል ነው፣ «ሪጅናል» ክልል፤ በዩኒቨርሲቲዎቹ ዘንድ ግን የሚከበረው ሪጅናሉ ነው። ትልቁን የያዘ መስሎት አራት ዓመት የሚከፍል አለ።

የኔታ፦ ስሙስ ያሳስታል። ደንቡን ግን ያላለውን አታስብለው። የሚገዛው መሥሪያ ቤቱ ለአክሬዲተሮች ዕውቅና የሚሰጥበትን መንገድ እንጂ ዩኒቨርሲቲ ማንን እንደሚቀበል አይደለም። ጥርጣሬውም ከሜዳ አልመጣም፤ ናሽናሎቹ በአብዛኛው የሙያና የርቀት ትምህርት ቤቶችን ሲመዝኑ የኖሩ ናቸው። ከናሽናሎቹ አንዱ የሆነው ኤሲአይሲኤስ እ.ኤ.አ. በ2016 ዕውቅናውን ተነጠቀ፣ በ2018 ተመለሰለት፣ በ2022 ጨርሶ አጣው። ይህን ያየ ኮሚቴ ቢጠነቀቅ ምን ይገርማል?

ሚዛን፦ የኔታ፣ በአንዱ ጥፋት ዲኢኤሲ ለምን ይቀጣል? በኤሲአይሲኤስ ሥር እንኳ ዕውቅናው ሳለ የተመረቀ ሰው ዲግሪው አብሮ አልተሻረም። የሚታየው የምረቃው ቀን ነው።

ባለ ስሌት፦ እናንተ ስትሟገቱ የማመልከቻው ቀን እንዳያልፍ። መጀመሪያ ዳፒፕ በሚባለው የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ላይ የትምህርት ቤቱን ስም አስገቡና አክሬዲተሩ ማን እንደሆነ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ እዩ። ቀጥሎ መስፈርቱን ቃል በቃል አንብቡ፤ «ሪጅናል ወይም ተመጣጣኝ» የሚል ካለ መግቢያው እሱ ነው።

ኢሜይሉ ለጥሪ ማዕከል ሳይሆን ለፕሮግራሙ ዳይሬክተር ይሂድ። «ናሽናል ትቀበላላችሁ?» ብሎ የጠየቀ «አንቀበልም» ተብሎ ያበቃለታል። ይልቅ የትምህርት ቤቱን ስም፣ አክሬዲተሩን፣ የምረቃውን ዓመትና ጂፒኤውን አስፍራችሁ «ማመልከቻዬ በኮሚቴ በተናጠል ሊታይ ይችላል?» በሉ። መልሱን በጽሑፍ ያዙ፣ ከማመልከቻው ጋር አያይዙት። በስልክ የተባለ ነገር ፋይሉን የሚያየው ሰው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል።

እምቢ ካሉ በነን-ዲግሪ (ዲግሪ ፕሮግራም ውስጥ ሳይገቡ ኮርስ ብቻ ለመውሰድ) ተመዝግቦ ሁለት የማስተርስ ኮርስ፣ ማለትም 6 ክሬዲት፣ በጥሩ ውጤት መጨረስ ከየትኛውም የድጋፍ ደብዳቤ ይበልጣል። ወጥመድ ግን አለው። ነን-ዲግሪ ተማሪ በአብዛኛው የፌዴራል ብድር አያገኝም፣ ስለዚህ ከኪስ ነው። ስንት ክሬዲት ወደ ዲግሪው እንደሚዞርላችሁም ሳትመዘገቡ ጠይቁ፤ ከገደቡ በላይ የወሰዳችሁት ገንዘቡም ጊዜውም ይቀራል። የዲግሪ ገምጋሚው ድርጅት ደብሊውኢኤስ ደግሞ የሚገመግመው በውጭ አገር የተገኘ ትምህርት ስለሆነ እዚህ አይሠራም።

ሐረግ፦ ባለ ስሌት፣ ሙያውን ረሳኸው። በነርሲንግ በአብዛኛው የሚጠየቀው የቢኤስኤን (የነርሲንግ ባችለር) ፕሮግራሙ ከነርሲንግ አክሬዲተሮቹ ከሲሲኤንኢ ወይም ከኤሲኢኤን ያገኘው አክሬዲቴሽን ነው። በሶሻል ወርክ የማስተርሱን ጊዜ የሚያሳጥረው አድቫንስድ ስታንዲንግ በሙያው አክሬዲተር በሲኤስደብሊውኢ ዕውቅና ያለው የሶሻል ወርክ ባችለር ይፈልጋል። እዚያ የትምህርት ቤቱ አክሬዲቴሽን ብቻውን አያስገባም። ሌላው፣ ተቀበሉኝ ብሎ ማስተርሱንም ከናሽናል የሚወስድ ፒኤችዲ ሲያምረው ያው በር ላይ ይቆማል። መምህር ለመሆን ወይም ለመመራመር ያሰበ ሁለተኛውን ዲግሪ ከሪጅናል ቢይዝ ይሻለዋል።

ሚዛን፦ ባችለሩን እንደገና መማርስ?

ሐረግ፦ የመጨረሻ አማራጭ ነው። ለሁለተኛ ባችለር ብዙ ቦታ 30 ክሬዲት ገደማ እዚያው መውሰድ ግዴታ ነው፣ የቀድሞውን ክሬዲት ካዞሩልህ ማለት ነው። ዲግሪውን ተቀብሎ ክሬዲቱን የማያዞር ትምህርት ቤት አለና ሁለቱን ለየብቻ ጠይቅ።

የኔታ፦ እኔም ቢሆን በስም ብቻ መመለሱን አልደግፍም። ኮሚቴው ይመዝን፣ ከፈለገም ተጨማሪ ኮርስ ይጠይቅ።

ሚዛን፦ እንደዚያ ከሆነ ያንኑ መስፈርቱ ላይ ይጻፉት። አመልካቹ የማመልከቻ ክፍያ ከፍሎ፣ ትራንስክሪፕት አስልኮ፣ ሦስት ሰው ደብዳቤ አስጽፎ ሲያበቃ አይደለም ሊያውቀው የሚገባው።