ያልተጠራ ቦት ስብሰባ ላይ ሲገባ ምን ታደርጋላችሁ?

ቃለ ጉባኤ ያዥ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የክፍላችንን ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። ስብሰባችን በዙም ነው። ባለፈው አንድ ባልደረባችን ሳይገኝ ቀረና በእሱ ፋንታ «የእከሌ ማስታወሻ ያዥ» የሚል ጥቁር ሳጥን ገብቶ ቁጭ አለ፤ ለካ ንግግሩን ቀድቶ በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) ማጠቃለያ የሚጽፍ ቦት ነው። ማንም ምንም አላለም። መሃል ላይ የአንዲት ልጅ የሕመም ፈቃድ ተነሳ፤ ምን እንዳመማት፣ መቼ እንደምትመለስ፣ ሥራዋን ማን እንደሚሸፍን ሁሉ ተወራ። ስብሰባው እንዳለቀ ማጠቃለያው ግብዣው ለደረሰው ሰው ሁሉ በኢሜይል ተላከ። ፈቃድ ላይ ላለችው ልጅም ጭምር!

ማጠቃለያው ደግሞ ክፋት የለውም፣ ከእኔ ይፈጥናል። ግን አንድ ቦታ «በጀቱ እንዲቀነስ ተወሰነ» ይላል። ማን ወሰነ? አንዱ «ቢቀነስስ?» አለ፣ ሌላው «እናየዋለን» አለ፣ በዚያው ታለፈ።

ሆስቷ፣ ማለትም ስብሰባውን የምትከፍተው፣ እኔ አይደለሁም። እንዲህ ያለውን ቦት ማስወጣት ይቻላል? ጭራሽ ይከልከል ልበል ወይስ ደንብ ወጥቶለት እንጠቀምበት? አለቃዬ «አንቺው ሐሳብ አምጪ» ብሎኛል።

የሲስተም ሰው፦

እህቴ፣ ልጁን ከመቆጣታችሁ በፊት ጠይቁት፤ ቦቱ መግባቱን ራሱም ላያውቅ ይችላል። እነዚህ ነገሮች አንዴ ካላንደር እንዲያዩ ከተፈቀደላቸው፣ ሊንክ ያለበት ስብሰባ ላይ ሁሉ ባለቤቱ ኖረም አልኖረም ዘው ይላሉ። በራሱ እንዲገባ የሚያደርገውን ሴቲንግ ያጥፋ፤ ከዚያ ኢሜይል አካውንቱ ውስጥ ገብቶ የሰጠውን ፈቃድ ይሰርዝ። አፑን ከስልኩ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ፈቃዱ አካውንቱ ላይ ይቀራል።

ማስወጣቱን ሆስትም ኮ-ሆስትም (የሆስት ረዳት) ይችላሉ። ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለሆንሽ ኮ-ሆስት አድርጉኝ በያቸው። ዙም ላይ ዌይቲንግ ሩም፣ የማይክሮሶፍቱ ቲምስ ላይ ሎቢ ክፈቱ፤ በር ላይ የቆመውን በስሙ አይታችሁ ታስገባላችሁ። ግን ይኼ ሁሉንም አይይዝም። አንዳንዶቹ ስብሰባው ውስጥ ሳይገቡ ከተሰብሳቢው ኮምፒውተር ላይ ድምፁን የሚቀዱ ናቸው፤ ሳጥንም ስምም አታዪም። ለእነሱ ከስምምነት በቀር መድኃኒት የለም።

ትልቁ ልዩነት የማን ዕቃ ነው የሚለው ነው። የዙም የራሱ ረዳት፣ የቲምስ ኮፓይለት ወይም የጉግል ሚት ጀሚናይ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ በገባው ውል ሥር ነው፤ የመሥሪያ ቤቱን አካውንት የሚያስተዳድረው ሰው (አድሚኑ) ሊዘጋው ይችላል። ኮፓይለትን እንዲያውም ስብሰባው እስኪያልቅ ብቻ እንዲሠራና ጽሑፉ እንዳይቀር ማድረግ ይቻላል። ከውጭ የመጣ ቦት ግን የሁላችሁንም ድምፅ ወደ ሌላ ድርጅት ሰርቨር ይወስዳል፣ ያውም አንድ ሰው ሳያነብ «እስማማለሁ» ባለው ውል። ውሉ ላይ ሁለት ነገር ፈልጊ፦ ድምፃችሁን ለኤአይ ማሠልጠኛ ይጠቀሙበታል ወይ፣ መቼስ ይጠፋል። በ2023 ዙም የአጠቃቀም ውሉን ቃል ቀይሮ ሕዝቡ ሲነሳበት ነው የተሰብሳቢውን ድምፅ፣ ቪዲዮና ቻት ለኤአይ ማሠልጠኛ አልጠቀምም ብሎ በግልጽ የጻፈው። የሚያነብ ሰው ባይኖር ማን ያየው ነበር?

ከኮምፒውተራችን አይውጣ ካላችሁ ኦፕንኤአይ በ2022 የለቀቀው፣ ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ዊስፐር አለ፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። አማርኛ ላይ ግን ደካማ ነው፤ ዝምታ ሲበዛ ደግሞ ማንም ያላለውን ዓረፍተ ነገር ፈጥሮ ይጽፋል። የበጀታችሁን ነገር ለማንም አታሳልፊ፤ ረቂቁን ኤአይ ያውጣ፣ «ተወሰነ» የሚለው ቃል ግን ካንቺ እጅ ብቻ ይውጣ።

ሰው ኃይል፦

ከላይ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን ሴቲንግ ላይ አተኮረ። የእኔ ጭንቀት ፈቃዱ ነው። አለቃ ስብሰባ ከፍቶ «ኤአይ ማስታወሻ ይይዛል፣ የሚቃወም አለ?» ሲል የሙከራ ጊዜውን ያልጨረሰ ልጅ እጁን ያወጣል? አያወጣም። ስለዚህ ግብዣው ላይ አስቀድሞ ይጻፍ፣ የማይፈልግ ሰው ለብቻው ይንገራችሁ፣ ማን እንዳልፈለገም አይጠራ።

ዲሲፕሊን፣ ሕመም፣ ደመወዝ፣ ቅሬታና የሥራ ቃለ መጠይቅ ሲነሳ ኤአዩ ይጥፋ። እዚህ ላይ አልደራደርም። ከውጭ ሰው ጋር ከሆነ ደግሞ ያለበትን አገር ሕግ እዩ፤ ለምሳሌ ካሊፎርኒያ ምስጢራዊ ንግግር ለመቅዳት የሁሉንም ወገን ፈቃድ ይጠይቃል። «ተሰብሳቢው ደስ ብሎታል፣ ሰልችቶታል» እያለ ስሜት የሚለካ ነገር ካለበት ጨርሶ አትንኩት። የአውሮፓ ኅብረት ሥራ ቦታ ላይ ከሕክምናና ከደኅንነት ጉዳይ ውጭ ከየካቲት 2025 ጀምሮ ከልክሎታል፤ እኔ ባይከለከልም አላስገባውም ነበር።

ጆሮ፦

ይከልከል ለምትሉ አንድ ነገር ልበል። እኔ የመስማት ችግር አለብኝ። የሚነገረውን እየተከተለ ስክሪን ላይ የሚሮጠው ጽሑፍ ከሌለ ሁለት ሰው አንዴ ሲናገር ምንም አይገባኝም። ጽሑፉ ይታይ ማለት ይቀመጥ ማለት አይደለም፤ ዙምም ቲምስም ላይ ሳይቀመጥ ማየት ይቻላል። ስለ ሕመም ሲወራ ኤአዩን ስታጠፉ እኔንም አብራችሁ እንዳታጠፉኝ።

ቃለ ጉባኤ ያዥ፦

ጆሮ፣ ይኼን ጨርሶ አላሰብኩትም ነበር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲህ የማቀርበው ይኼ ነው፦ የውጭ ቦት አይገባም፤ የዙሙ ረዳት ግብዣው ላይ ከተነገረ ብቻ ይከፈታል፤ የሰው ጉዳይ ሲነሳ ይጠፋል፣ የሚሮጠው ጽሑፍ ግን ይቆያል፤ ማጠቃለያ እኔ ሳላየው ለማንም አይላክም። አንድ የቀረኝ፣ የተላከውስ ኢሜይል?

የሲስተም ሰው፦

የቦቱ ባለቤት አካውንቱ ውስጥ ገብቶ ቅጂውንም ጽሑፉንም ይሰርዝ፤ የተጋራ ሊንክ ካለ አብሮ ይዘጋል። ኢሜይሉ ውስጥ ራሱ የተጻፈውን ግን መመለስ አይቻልም፣ ሰዎቹን አጥፉልን ብሎ መለመን ነው። ለልጅቷ ደግሞ አለቃሽ ራሱ ይደውልላት። በኢሜይል እንዳይሆን።