ቤዝ ጊታሬን ምን ያህል ከፍ አድርጌ ላንግተው?

ደሴና ኮምቦልቻ ሰርግ ላይ ለሰዓታት ቆሜ ቤዝ እጫወታለሁ። ጊታሩ ባለ 4 ክር ነው፤ የክሩ ርዝመት 34 ኢንች፣ ክብደቱ 4.5 ኪሎ ገደማ። ማንገቻው 5 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ናይለን ነው።

ቡድኑ ጊታሩ ጭኔ ላይ ወርዶ እንዲታይ ይፈልጋል፤ እውነትም መድረክ ላይ ያምራል። ግን ባቲ ማይነር ቅኝትን ከኤፍ ኖታ ስነሳ በወፍራሙ ክር ከ1ኛው እስከ 4ኛው ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ ያሉት የብረት መስመሮች) ጣት መዘርጋት ግድ ስለሆነ የግራ እጄ አንጓ ክፉኛ ይታጠፋል፤ ፈጣኑ ጭፈራ ሲመጣ ትንሿ ጣቴ አትደርስም። ደረቴ ድረስ ሳወጣው ግራው ይቀለዋል፤ ቀኙ ግን በጊታሩ ጠርዝ ላይ ታጥፎ ክር ስለሚመታ አንጓዬን ያቃጥለኛል። ድልድዩን (ክሮቹ በጊታሩ ገላ ላይ የሚያርፉበትን ክፍል) ከእምብርቴ ትይዩ አድርጌ የጊታሩን አንገት ወደ ላይ ሳቀና ሁለቱም እጆቼ ይሻላቸዋል። ችግሩ፣ ግራ እጄን ስለቅ ናይለኑ ትከሻዬ ላይ ይንሸራተትና አንገቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ያው እጅ መልሶ ጊታሩን ተሸካሚ ይሆናል። ማንገቻውን ማሳጠር ይህን አላቆመውም።

ከእምብርት ከፍታ ሳልወጣ አንገቱ እንዳይወርድ፣ ሻካራ ጎኑ ወደ ትከሻ የሆነ 9 ሳንቲሜትር የቆዳ ማንገቻ ይበቃል ወይስ ማንገቻው የሚታሰርበትን ቁልፍ ቦታ መቀየር አለብኝ?