ሰሜን ተራሮች፦ ጉልበት ለሚያመው ሰው የሚሆን የእግር መንገድ የቱ ነው?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ናችሁ። በጥቅምት እናቴንና የ9 ዓመት ልጄን ይዤ ሰሜን ተራሮች ፓርክ ልሄድ ነው። ደባርቅ እያደርን ሁለት ቀን ደርሶ መልስ እንገባለን፣ መኪና አለን። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ከ2 ሰዓት በላይ መራመድ ይከብዳታል። ግን ጭላዳና ዋልያ ሳላይ አልሞትም ብላለች። የት የት ብንሄድ ይሻላል?

የደጋ ልጅ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ደባርቅ ያለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጎራ በሉ። መግቢያ የሚከፈለውም ስካውት (አብሯችሁ የሚሄድ የፓርክ ጠባቂ) የሚመደበውም እዚያ ነው። ከዚያ ቡይት ራስ ላይ ከመኪና ወርዳችሁ በገደሉ አፋፍ አፋፍ ቀስ እያላችሁ ተራመዱ፣ ሾፌሩ ትንሽ ቀድሞ ወደ ሳንቃ በር ካምፕ አቅጣጫ ይጠብቃችሁ፣ እናትሽ ሲደክማቸው ይሳፈራሉ። በጣም ማልዳችሁ አትድከሙ። ጭላዳ የሚያድረው ገደሉ ላይ ነው፣ ሣር ሊግጥ ወደ ሜዳው የሚወጣው ፀሐይ ሞቅ ስትል ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ግድም ብትደርሱ መንጋውን ከአጠገባችሁ ታገኙታላችሁ። ምግብ እንዳትሰጡት፣ ልጁንም አስጠንቅቂው።

ተጓዥ፦ እሜት ጎጎን ሳታዩ እንዳትመለሱ! 3,926 ሜትር ላይ ቆሞ ያንን ገደል ማየት ሌላ ነገር ነው።

የእማማ ልጅ፦ ቦታውስ ልክ ነህ፣ ለእናትየው ግን አይሆንም። ከሳንቃ በር ግጭ የሚባለው ካምፕ ለመድረስ ብቻ ለጤነኛ ሰው የሰዓታት መንገድ ነው፣ እሜት ጎጎ ደግሞ ከግጭም ያልፋል። እኔ አክስቴን በመጀመሪያው ቀን በቀጥታ ጨነቅ ወስጃቸው ራሳቸውን ሲያማቸው ዋለ፣ ምንም ሳያዩ ተመለስን። እስካሁን ይቆጨኛል። ጨነቅ 3,600 ሜትር አካባቢ ነው፣ ከፍታውን ያልለመደ ሰው ያማል፣ ስለዚህ ለሁለተኛው ቀን አቆዩት። ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ከመጣ ወዲያው ወደ ዝቅተኛ ቦታ ውረዱ፣ ያልፍልኛል ተብሎ አይጠበቅም። ዋልያ ለማየት ከጨነቅ ካምፕ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። ባይኖኩላር ካላችሁ ያዙ፣ ገደሉ ላይ ሲቆም ከድንጋዩ አይለይም።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። የጅንባር ፏፏቴስ እንዴት ነው? ለእናቴ ይከብዳል?

የደጋ ልጅ፦ ጥቅምት ጥሩ ጊዜ ነው፣ ክረምቱ ገና ስላለፈ ውሃው አለ። በበጋው መጨረሻ ብትመጡ ቀጭን ክር ነው የምታዩት። ከመኪና መንገዱ እስከ ማያው ግማሽ ሰዓት ያህል አስታ በሚባለው የደጋ ዛፍ መሀል ትሄዳላችሁ። ችግሩ ስትሄዱ ቁልቁለት፣ ስትመለሱ ዳገት መሆኑ ነው፣ ጉልበት የሚጎዳው ደግሞ ቁልቁለቱ ነው። ምርኩዝ ይያዙ፣ ጭቃ ካለ ግን እሳቸው መኪናው ጋ ይቆዩ። ጫፉ ላይ የልጁን እጅ አትልቀቂ።

የእማማ ልጅ፦ ኮፍያና ወፍራም ሹራብ አትርሱ፣ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ወደ ማታ ብርዱ አጥንት ይገባል። ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት የጎንደርና ደባርቅን መንገድ ሁኔታ ደውላችሁ አጣሩ።

ጠያቂዋ፦ በቃ፣ መጀመሪያ ቀን ቡይት ራስና ፏፏቴው፣ በማግስቱ ጨነቅ። ምርኩዙን ዛሬውኑ እፈልጋለሁ።